የተሻረውስ የት ገባ?

አማርኛችን ስለ ሥልጣን ሲናገር ቃል አያባክንም። «ሹም ሽር» ብሎ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳቸዋል። አንዱ ካልተሻረ ሌላው አይሾምም፤ ወንበሩ አንድ ነው፣ ለሁለት የሚሆን ስፋትም የለውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረትስ የማያውቅ ማን አለ? ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ጉቦና ስለ ሆዳምነት ስናወራ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። ተረቱ ሽረትን ልክ እንደ ሞት የማይቀር አድርጎ ያየዋል። ሹሙ መሻሩን ያውቃል፤ የማያውቀው ቀኑን ብቻ ነው። ከተሻረ በኋላ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ዛሬውኑ ይበላል።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነበር። በሬዲዮ አዲስ ሹመት በተነገረ ቁጥር ቤተሰቡ ማን ምን ሆነ ብሎ ጆሮውን ሲያቀና፣ እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የተሻረውስ የት ገባ?» ይል ነበር። በጃንሆይ ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይጠፋም፤ አንዱ አምባሳደር ተደርጎ ይላካል፣ ሌላው የጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ይሆናል፣ ሌላው እቤቱ ይቀመጣል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስልሳ ያህል ሰዎችን ሲረሽን ግን ከሟቾቹ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን። ዜናው በተነገረ ማግስት አባቴ ጥያቄውን ተወ። ከዚያ በኋላ ሹመት ሲነገር ዝም ብሎ ሬዲዮውን ይዘጋው ነበር።

እንግዲህ ስለ ጥምር ካቢኔ ማንበብ የጀመርኩት ከዚህ የተነሣ ነው። ጥምር ካቢኔ ሲባል ሹመቱ ሽረቱን ሳያስከትል ሊመጣ ይችላል ማለት ነውና። ትናንት ሲገዳደሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በጀት ይከፋፈላሉ። ይህ እንዴት ይሆናል? ማንስ ምን ይወስዳል? አንድ አዲስ ፕሬዚዳንት «ይህን ለእናንተ፣ ይህን ለእኛ» የሚለው በምን ሚዛን ነው? ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለማየት ከደቡብ አፍሪካ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኔልሰን ማንዴላ እኛም የምናውቃቸው ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ የጦር ትምህርት ተምረዋል። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ ከ27 ዓመት በላይም ታሰሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከምርጫው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ድርድሩ ተሰናክሎ ደም በሚፈስበት ጊዜ፣ ነጮቹ ከሁሉም አብልጠው የሚፈሩት ኮሚኒስት ጆ ስሎቮ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነበር፦ ብናሸንፍም ለተወሰነ ጊዜ ሥልጣኑን ከተሸናፊው ጋር እንካፈል፤ ጊዜው ሲደርስ አንቀጹ እንደ ፀሐይ ይጥለቅ። ከራሳቸው ወገን ብዙዎች ተቆጡ። «አርባ ዓመት የታገልነው ለዚህ ነው?» ማለት የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ውሎ አድሮ ተቀባይነት አገኘና በ1993 መጨረሻ በጸደቀው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲል የምፈልገው ነገር አለ። ድርሻው የተጻፈው ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት ነው። አሸናፊው ገና ሳይታወቅ፣ እያንዳንዱ ወገን «እኔ ተሸናፊ ብሆንስ?» ብሎ ራሱን በሚጠይቅበት ሰዓት ተጻፈ።

ሕጉም ግልጽ ነበር። ከ400ው የምክር ቤት መቀመጫ 80 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ፓርቲ አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት ይሰይማል። 20 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ፓርቲ ደግሞ፣ ለመሳተፍ ከፈቀደ፣ በመቀመጫው ልክ ሚኒስትሮች ይደርሱታል። ሚኒስትሮቹ ከ27 አይበልጡም። በኤፕሪል 1994 በተደረገው ምርጫ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ 252፣ የዴ ክለርክ ናሽናል ፓርቲ 82፣ የቡቴሌዚ ኢንካታ 43 መቀመጫ አገኙ። የቀሩት ከ20 በታች ስለሆኑ ከድርሻው ወጡ።

ሒሳቡን እርሳስና ወረቀት ይዞ መሞከር ይቻላል። የሦስቱ መቀመጫ ሲደመር 377 ነው። ለ27 ሚኒስትሮች ሲካፈል ለአንድ ሚኒስትር ወደ 14 መቀመጫ ይደርሳል። 252ን ለ14 ብናካፍል ልክ 18 ይሆናል። 82ን ብናካፍል ስድስት ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። 43 ደግሞ ሦስት ይሆንና ፍርፋሪ ይተርፋል። የሆነውም ይኸው ነው፤ 18፣ 6 እና 3። ምክትል ፕሬዚዳንቶቹ ታቦ ምቤኪና ፍሬደሪክ ዴ ክለርክ ሆኑ። ትናንት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው ዛሬ በእስረኛቸው ሥር ምክትል ሆኑ ማለት ነው። ሜይ 10 ቀን 1994 ማንዴላ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በዚህ ቁጥር ላይ የሚጨቃጨቅ ሰው አልነበረም። ቁጥሩን የሰጠው ሰው ሳይሆን ሕግ ነበር።

ጭቅጭቁ የመጣው ሕጉ ዝም ባለበት በኩል ነው። ሕጉ ስንት እንደሚደርስህ ይናገራል እንጂ የትኛው እንደሚደርስህ አይናገርም። ያ ለፕሬዚዳንቱ የተተወ ነው፤ ከአጋሮቹ ጋር መመካከር ይኖርበታል፣ የመጨረሻው ቃል ግን የእሱ ነው። ስድስት ሚኒስቴር ስድስት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ሚኒስቴር አይቶ አያውቅም። የስፖርት ሚኒስቴርና የመከላከያ ሚኒስቴር ሁለቱም አንድ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ፤ የሚከፍቱት በር ግን ለየቅል ነው።

ማንዴላ ያደረጉትን እንመልከት። መከላከያን ለጆ ሞዲሴ፣ ፖሊስን ለሲድኒ ሙፋማዲ፣ ፍትሕን ለዱላ ኦማር፣ ውጭ ጉዳይን ለአልፍሬድ ንዞ ሰጡ፤ አራቱም የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ሆኖም ገንዘብ ሚኒስቴርን በዴ ክለርክ መንግሥት ያንኑ ሥራ ይሠሩ ለነበሩት ለዴሪክ ኪስ ተዉት፤ ባለሀብቱ እንዳይደነግጥ ነው። ግብርናን ለቀድሞው የግብርና ሚኒስትር ለክራይ ቫን ኒከርክ መልሰው ሰጡ፤ ነጭ ገበሬው እርሻውን ጥሎ እንዳይሸሽ ነው። የሁለቱ ፓርቲዎች ተከታዮች በሺህ እየተቆጠሩ ከተላለቁ በኋላ፣ ቡቴሌዚን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጓቸው። ወህኒ ቤቶችን እንኳ ለኢንካታው ሰው ለሲፖ ምዚሜላ ሰጡ። ዕድሜያቸውን በወህኒ የፈጁት ሰው የወህኒውን ቁልፍ ለሌላ ፓርቲ ሲያስረክቡ ምን አሰቡ ይሆን?

ሌላም ብልሃት ነበራቸው። የአንዱ ፓርቲ ሰው ሚኒስትር ሲሆን ምክትሉን ከሌላው ፓርቲ ያደርጉታል። ለኪስ ምክትል አሌክ ኧርዊን ሆኑ፤ ለናሽናል ፓርቲው ሮልፍ ሜየር ደግሞ ቫሊ ሙሳ። ሁለቱም ምክትሎች የኤ.ኤን.ሲ. ሰዎች ናቸው። በሠራዊቱም ቢሆን ሚኒስትሩ የቀድሞ የትጥቅ ትግል አዛዥ ሲሆኑ፣ የጦሩ ኤታማዦር ሹም ግን የድሮው ሠራዊት ጄኔራል ጌኦርግ ሜይሪንግ ናቸው። አንድ መሳቢያ፣ ሁለት ዓይን።

ይህን ሳነብ በሰፈራችን የደረሰ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት እድሮች ለመዋሐድ ሲስማሙ ደንቡን እንዲያረቅቁ ከተመረጡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አንዱ እድር ትልቅ ነው፣ ሌላው ከግማሹ አይደርስም። ሊቀ መንበርነቱ ለትልቁ መሆኑን በሁለት ስኒ ቡና ጨረስነው። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በማን ይሁን የሚለው አንድ እሑድ ወሰደብን። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን አራት እሑድ ፈጀ! ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳፋው ያለበት ክፍል ቁልፍ በማን እጅ ይደር? አንዱ ወገን «የኛ ዕቃ ይበልጣል» ይላል፤ ሌላው «የኛ ድንኳን አዲስ ነው» ይላል።

በአራተኛው እሑድ ከትንሹ እድር አንዲት እናት ተነሡና ሊቀ መንበሩን እያዩ ተናገሩ። «ጋሼ፣ ወንበሩን እርስዎ ይያዙት፣ ይገባዎታል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እኛ የሞትን ቀን ድንኳኑ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት ቁልፍ ይሠራ፣ አንዱ በእነዚያ ሰፈር አንዱ በእነዚህ ሰፈር ይደር ያልነው። በደንቡም ላይ፣ ውሕደቱ ያልጣመው ወገን ያመጣውን ዕቃ ይዞ በሰላም መውጣት ይችላል የሚል አንቀጽ ጨመርን። አንቀጹ ከተጻፈ በኋላ ለመውጣት የጠየቀ ማንም የለም።

ያቺ የእድርተኛዋ ጥያቄ በየትኛውም ጥምር ካቢኔ ውስጥ አለች። አናሳው ወገን የሚፈራው ትንሽ ወንበር ማግኘትን አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ በሩ ይዘጋብኝ ይሆን ብሎ ነው። ስለዚህ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሚኒስቴር ሲያከፋፍል የሚያከፋፍለው ክብር ብቻ አይደለም፤ ዋስትናም ጭምር ነው። ለገበሬው፣ ለባለሀብቱ፣ ትናንት በጎራዴ ለተፈለገው የመንደር ሰው «ድንኳኑ ይመጣል» እያለ ነው።

ያ ካቢኔ ግን ገነት ነበር እንዳልል። በጃንዋሪ 1995 አንድ ጉድ ወጣ። የዴ ክለርክ መንግሥት ከምርጫው ዋዜማ ለ3,500 ያህል ፖሊሶችና ለሁለት የቀድሞ ሚኒስትሮች በስውር ምሕረት ሰጥቶ ኖሯል። አዲሱ ካቢኔ ምሕረቱን ዋጋ አሳጣው፤ ማንዴላም በስብሰባ ላይ ምክትላቸውን ክፉኛ ወረፉ። ዴ ክለርክ ለቅቀው ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እንደገና ታረቁ፤ እንደገና ተጣሉ። ሕጉ ካቢኔው በመግባባት መንፈስ ይወስን ይላል። መንፈስን ግን በአንቀጽ ማስገደድ አይቻልም። 252 መቀመጫ ያለው ሰው ሲመክርህ፣ ምክር ይሁን ማስታወቂያ መለየት ያዳግታል።

በመጨረሻም ሜይ 8 ቀን 1996 ቋሚው ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በማግስቱ ዴ ክለርክ ፓርቲያቸው ከመንግሥቱ እንደሚወጣ አስታወቁ፤ በጁን መጨረሻም ወጡ። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም አልሆነም። ማንም ጫካ አልገባም፤ ማንም አልታሰረም። ዴ ክለርክ የተቃዋሚ መሪ ሆነው ከፊት ለፊት ተቀመጡ። ኢንካታ ግን ቆየ። ቡቴሌዚ እስከ 2004 ድረስ ሚኒስትር ነበሩ። ማንዴላና ምክትላቸው አገር ውስጥ በማይኖሩበት ጊዜም ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበር። በሴፕቴምበር 1998 የደቡብ አፍሪካ ጦር ሌሶቶ ሲገባ በተጠባባቂነት አገሩን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ከኤ.ኤን.ሲ. ጋር በደም የሚፈላለጉ የነበሩት ሰው የጦሩ አዛዥ ሆነው ዋሉ።

እኛም ብንሆን የጥምር መንግሥት ነገር ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም። በሰኔ 1983 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የተሰበሰበው ጉባኤ ቻርተር አጽድቆ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ያዙ፤ ሌሎችም የየድርሻቸውን። ኦነግ ሚኒስትሮችም ነበሩት። በዚያን ሰሞን ጋዜጣ እየገዛን ስም እየቆጠርን የተስፋ ጨዋታ ያወራን ጥቂቶች አይደለንም። ዳሩ ግን ድርሻው በድምፅ የተለካ አልነበረም፤ ምርጫ ገና አልተደረገምና። የሽግግሩ ዘመን መከላከያ ሠራዊት ሆኖ የቆመው የኢሕአዴግ ሠራዊት ነበር፤ ኦነግም የራሱን ታጣቂ እንደያዘ ነበር የገባው። ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1984፣ ኦነግ ከመንግሥቱ ወጣ። መውጫው ግን ወደ ተቃዋሚ ወንበር የሚያደርስ አልነበረም። የገቡበት በር ሲዘጋ ጦርነት ሆነ፤ ታጋዮች በሺህ እየተቆጠሩ ታሰሩ፤ መሪዎቹ ተሰደዱ። ማን ጥፋተኛ ነበር የሚለውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። እኔ የማየው መግቢያው እንጂ መውጫው እንዳልተሠራለት ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ልመለስ፤ ታሪኩ ሁለተኛ ምዕራፍ አለውና። በሜይ 2024 ምርጫ ኤ.ኤን.ሲ. ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን አጣ፤ ከ400ው 159 መቀመጫ ብቻ አገኘ። አሁን ግን የ1994ቱ የድርሻ ሕግ የለም፤ ጠልቋል። በ1996ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱ የፈለገውን ያህል ሚኒስትር ይሾማል፤ ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚናገር አንቀጽ የለም። ያለው የጊዜ ገደብ ነው። ውጤቱ በታወጀ በ14 ቀን ውስጥ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ስለዚህ ስምምነቱ የተፈረመው ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በጁን 14 ነው። በዚያው ሌሊት ሲሪል ራማፎዛ በ283 ድምፅ ተመረጡ። ካቢኔው የታወቀው ግን በጁን 30 ነው፤ በመካከሉ ያሉት ሁለት ሳምንታት በገበያ ክርክር አለፉ።

ሕግ በሌለበት የተካፈለው ድርሻ ምን ይመስላል? ሚኒስትሮቹ ከ27 ወደ 32 አደጉ። በጥምረቱ ውስጥ የገቡት ፓርቲዎች በድምሩ 287 መቀመጫ ነበራቸው። ሁለተኛው ፓርቲ ዴሞክራቲክ አሊያንስ 87 መቀመጫ ይዞ በመቀመጫ ልክ ቢካፈል ዘጠኝ ወይም አሥር ሚኒስትር በደረሰው ነበር። ያገኘው ስድስት ነው። በአንጻሩ አንዳንድ መቀመጫ ብቻ ያላቸው ሁለት ፓርቲዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሚኒስቴር አገኙ፤ አንዱ ቱሪዝምን፣ አንዱ የመሬት ይዞታ ማሻሻያን። ጠረጴዛው ሲሰፋ የትልቁ አጋር ክብደት ይቀንሳል፤ ራማፎዛም ዱሮ የሠራተኛ ማኅበር ተደራዳሪ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ይህ አይጠፋቸውም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ሕጉ ቢጠልቅም ልማዱ አልጠለቀም። በ1994 መከላከያ፣ ፖሊስ፣ ፍትሕና ውጭ ጉዳይ በኤ.ኤን.ሲ. እጅ ቀሩ፤ በ2024ም ቀሩ። በ1994 ግብርና ለነጮቹ ፓርቲ ተሰጠ፤ በ2024 ለዴሞክራቲክ አሊያንስ መሪ ለጆን ስቴንሃይሰን ተሰጠ። አገር ውስጥ ጉዳይ ያኔም ለአጋር፣ አሁንም ለአጋር። ወህኒ ቤት ሳይቀር ያኔ ለኢንካታ፣ አሁን ለፍሪደም ፍሮንት ፕላስ ሰው። ገንዘብ ብቻ ነው የተለወጠው፤ ያኔ ለሌላው የተተወው ሚኒስቴር በ2024 ከገዢው ፓርቲ አልወጣም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1994 ገንዘቡን አሳልፎ መስጠት ማረጋጊያ ነበር፤ በ2024 ግን ሽንፈት ነው የሚሆነው።

በገንዘብም ነው የተጣሉት። በ2025 መጀመሪያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመር የሚል በጀት ሲቀርብ፣ ዴሞክራቲክ አሊያንስ በካቢኔ ውስጥ እንዳለ በምክር ቤት በኤፕሪል 2 ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ውጡ የሚል ቁጣ ከዚያም ከዚህም ተሰማ። በዚያው ወር ግን ጭማሪው ቀረ፤ ሚኒስትሮቹም ከወንበራቸው አልተነሡም። ከውስጥ ሆኖ «አይሆንም» ማለትና ማግስቱን ቢሮ መግባት! ለእኛ ጆሮ ይህ ተረት ይመስላል።

አንባቢ «ታዲያ ጥምር ካቢኔው ለድሀው ምን አመጣለት?» ቢለኝ አልከራከርም። ሥራ አጥነቱ፣ ወንጀሉ፣ የመብራት መቋረጡ በደቡብ አፍሪካ ከሠላሳ ዓመት በኋላም የሕዝቡ ምሬት ነበር። ጥምር ካቢኔ ዳቦ አይጋግርም። ብዙ ጊዜም ቀርፋፋ ነው፤ በሚኒስትር ብዛትም የሕዝብ ገንዘብ ይበላል። እኔ የምለው፣ ካቢኔ ሲነገር ከስሞቹ ዝርዝር አልፈን ሦስት ነገር እንይ ነው። ድርሻው የተወሰነው ድምፁ ከመቆጠሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የዕቃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ በማን እጅ ነው? የሚወጣውስ ሰው በየት በር ይወጣል?

ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። መውጫ የሌለው ጥምረት ውስጥ የገባ ሰው ወይ ይበላል፣ ወይ ጠመንጃውን አያስቀምጥም። መውጫውን ያየ ሰው ግን ሥራውን ሊሠራ ይችላል። ማንዴላ በ1999 የሥልጣን ዘመናቸው ሲያበቃ በፈቃዳቸው ቤታቸው ገቡ። ዴ ክለርክ ከካቢኔው በወጡ በዓመቱ ከፖለቲካ ተሰናበቱ፤ በኖቬምበር 2021 በ85 ዓመታቸው ኬፕ ታውን ከሚገኘው ቤታቸው ሳይወጡ በሕመም ዐረፉ። ቡቴሌዚም በሴፕቴምበር 2023 በ95 ዓመታቸው አርፈው በወግ ተቀበሩ።